በሥላሴ ስም ሦስቴ

ሰኞ
ወጡት! አባባ የእንጦጦ ራጉኤልን ዳገት ዛሬ አንዴም ሳያርፉ ወጡት። ባለፈው ወር እኮ ልባቸው እንደ ታሰረ ፈረስ ሲፈራገጥ፣ እኔ ልቅሶ ልቀመጥ ነበር። የንጉሡ ግቢ ፈረንጅ ሐኪም ዕድሜው ይርዘም። መድኃኒቱን በብልቃጥ ሰጥቶ፣ «ጠዋት ብቻ፣ ጥቂት ጠብታ በውኃ» አላቸው። ካህን አባቴ በእርጅናቸው ጎረመሱ።

ማክሰኞ
ሽሮዬን ገፉት። ጨው በዛበት ብለው ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ
ጉድ ነው! አባባ ራእይ አዩ። ጸሎት ላይ ሳሉ ግድግዳው፣ ነጠላዬ፣ ድመቷ ሳትቀር ቢጫ ብርሃን ለበሱ አሉ። «ራጉኤል መጣልኝ!» ብለው አለቀሱ። ጎረቤታችን እማሆይ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ቤቱ በሰው ሞላ። የአባባን ጉልበት የሚስመው ብዛቱ! እኔም ሳምኩ።
ማታ ግን አስመለሳቸው። እጃቸውን ብይዝ የደም ሥራቸው መታ ይልና ይጠፋል፣ ደግሞ መታ ይላል። ቅዱስ የጎበኘው ሰው እንዲህ ይሆናል? ፈራሁ።

ሐሙስ
ብልቃጡን ባነሳው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። እስከ ክረምት ያደርሳል የተባለው!
«አባባ፣ በቀን ስንቴ ነው የሚጠጡት?»
«ሦስቴ ነዋ፣ በሥላሴ ስም! ጸበል አንዴ ተጠጥቶ ያውቃል?»
በስመ አብ! ብልቃጡን መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኩና በቅሎዋን ይዤ ወደ ግቢ በረርኩ። እማሆይ ከኋላዬ «ራእዩን ልታጠፊው ነው!» ይላሉ። ይጥፋ! አባቴ ይትረፉልኝ እንጂ።
ቢጫውን ስነግረው ሐኪሙ ከመቀመጫው ተነሳ። በአስተርጓሚ «መድኃኒቱ ነው፤ ሲበዛ ሁሉን ቢጫ ያሳያል» አለኝ። በሽማግሌ ሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ ልብን ያዘገያል፤ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጠብታ እንዳይቀምሱ። እሱም አብሮኝ ወደ ቤት መጣ።

ዓርብ
ሐኪሙ ከአጠገባቸው አልተነሳም። አባባ አኩርፈውኛል። «ከቅዱሱ ለየሽኝ» አሉኝ። ያኩርፉ! ደህና አኩራፊ ነው የምፈልገው።

ሐሙስ፣ በሳምንቱ
ሐኪሙ ወደፊት መድኃኒቱን ሲመልስላቸው ያሳንሰዋል፤ የምሰጣቸውም እኔ ነኝ። ልባቸው እንዴት እንደሚቀበለው እሱም እርግጠኛ አይደለም። ይሁን።
ዛሬ ጠዋት ግን እንግዶች በተቀመጡበት አባባ ትክ ብለው አዩኝ።
«አንቺ፣ ይሄ ነጠላ መቼ ነው የታጠበው? ጠቁሯል እኮ! አታፍሪም?»
ጠቁሯል አሉ፣ ቢጫ አላሉም! ዘልዬ አቀፍኳቸው። «ይቺ ልጅ አበደች!» ብለው ጮኹ፤ እኔ እየሳቅኩ አለቀስኩ።