ጥቁር ድንጋይ ለባኞ ቤት

ኅዳር 3 ቀን 1957፣ ዳንግላ
ጧት ልብስ አጠብሁ። ከሰዓት አባባን ረዳሁ። እሳቸው ሲጠርቡ ውሃ አፈሳለሁ፣ ፍንካች እጠርጋለሁ፣ ሲደክማቸው መሮውን እቀበላለሁ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ከገባሁ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው።
ወይዘሮ ሙሉነሽ ለአዲሱ ሆቴላቸው ባኞ ቤት ያሠራሉ። የእጅ መታጠቢያው ነጭ ሳህን ከአዲስ አበባ መጥቷል። የሚቀመጥበትን ሳጥን አናጢው ጨርሷል። የቀረው ሳጥኑ ላይ የሚተኛው ድንጋይ ነው፤ መሀሉ ተፈልፍሎ ሳህኑ ይገባበታል። ግንበኛው አዝመራው "እብነ በረድ ካልመጣ አይሆንም" ብሎ ነበር። አባባ ግን "ያገራችን ጥቁር ድንጋይ ምን ጎደለው?" ብለው ሥራውን ተቀበሉ።

ኅዳር 9
አባባ ጠፍጣፋውን ድንጋይ ሲያገላብጡ አመለጣቸው። ቀኝ እጃቸው... አንጓው ላይ ተሰበረ። ወጌሻው አሰረውና "አርባ ቀን ምንም እንዳይነኩበት" አለ። ሆቴሉ የሚከፈተው ደግሞ ለበዓታ ነው።
አዝመራው ሊጠይቅ መጣ። ገና ሳይቀመጥ፣ "እንግዲህ ሥራውን እኔ ልረከብ።" ይኸ ነው መጠየቅ?

ኅዳር 10
ለማንም ሳልናገር ወይዘሮ ሙሉነሽ ዘንድ ሄድሁ።
"ማን ሊጨርሰው ነው?"
"እኔ።"
"አንቺ ሸጋ፣ የአድማሴ ልጅ?"
"አባባ እየነገሩኝ እኔ እጠርባለሁ።"
መዳፌን ይዘው ገለበጡት። የደነደነውን ቆዳ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። "እኔም ሆቴል ልክፈት ስል ስቀውብኛል" አሉ። "እስከ በዓታ። ካልደረሰ አዝመራውን እጠራለሁ።"

ኅዳር 14
የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ዘርግቼ ሳህኑን ደፋሁበት፤ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመርሁ። አባባ መደብ ላይ ሆነው፣ "በዚያ መስመር እንዳትቆርጪ። አንድ ጣት ወደ ውስጥ ግቢ። ከንፈሩ ድንጋዩ ላይ ካላረፈ ሳህኑ ሾልኮ ይወድቃል።"
እውነት ነው... አላሰብሁትም ነበር።

ኅዳር 17
ሰው አጥር ላይ ተደርድሮ ያያል። ሴት መዶሻ ስትይዝ አይተው አያውቁም? እንጨት ስንፈልጥ ማንም አይደረደርም። አዝመራው "ሴት የጠረበችው ድንጋይ ይሰነጠቃል" አለ፣ እንድሰማው ጮክ ብሎ።
"እስኪሰነጠቅ እዚያው ይቁሙ" አልሁት።

ኅዳር 20
ተሰነጠቀ።

ኅዳር 21
ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልሁም። ከፊት በኩል፣ ቀዳዳው ለጠርዙ በሚቀርብበት ቀጭን ቦታ፣ ለሁለት። ቸኮልሁ፤ መዶሻውን አበረታሁት። ጥፋቱ የችኮላዬ ነው፣ የሴትነቴ አይደለም። አዝመራው ሳቀ። እሱ ፊት አላለቀስሁም። ቤት ገብቼ ነው...
አባባ በአገውኛ አንድ ነገር ለራሳቸው አጉተመተሙ። ቆይተው፣ "ይብቃ ልጄ። ለአዝመራው እልክበታለሁ።"
"እርስዎን ይብቃዎት። እኔን አልበቃኝም።"
በዕድሜዬ ለአባቴ እንዲህ መልሼ አላውቅም። ቃሌን ግን አላነሳሁም።

ኅዳር 22
አባባ አያናግሩኝም። ብቻዬን ወደ ድንጋይ ማውጫው ወረድሁ። ጠፍጣፋውን ሁሉ በመዶሻ ጫፍ መታ መታ... ውስጡ የተጎዳ ድንጋይ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ጤነኛው እንደ ደወል ይጮኻል። ስንቱን መታሁ? ከሰዓት አንዱ ጮኸ። አራት ሰዎች በቃሬዛ አወጡልኝ።

ኅዳር 28
አሸዋ ላይ አስተኝቼዋለሁ። መስመሩን ተከትዬ ትንንሽ ቀዳዳ፣ ከላይም ከታችም፣ በቀላል መዶሻ። ዛሬ መሀሉ ወደቀ፤ ዙሪያው ደኅና ነው። ጠርዙን በአሸዋና በውሃ መፈተግ ያዝሁ። ክንዴ ዝሏል።
አባባ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። በግራ እጃቸው ውሃ ያፈሱልኝ ጀመር።

ታኅሣሥ 2
ተከላ። ሳጥኑ ላይ ውሃ ልክ ሳስቀምጥ ወደ ግራ ያዘነብላል። አናጢው ወለሉን ሳያይ ነው የሠራው። ከሥሩ የእንጨት ሽብልቅ ከተትሁ፤ ተስተካከለ። ድንጋዩን አምስት ሆነን አሳረፍነው። በግድግዳው በኩል የቀረውን ክፍተት በሲሚንቶ ሞላሁ። የቀዳዳውን ዙሪያ ስቱኮ ቀብቼ ሳህኑን ለቀቅሁት...
ልክክ አለ።

ታኅሣሥ 3፣ በዓታ
ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባኞ ቤቱ በሰው ተሞላ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ቧንቧውን ከፈቱ። ሳህኑ ሞላ፤ ውታፉን ሲነቅሉት ውሃው ወረደ። አዝመራው ተንበርክኮ ሳጥኑን ከፈተና ከሥር ዳሰሰ። እጁ ደረቅ ሆኖ ወጣ።
"መቼም የአድማሴ እጅ ነው" አለ ለሰዉ። "ስሙን ለልጁ ሰጣት እንጂ።"
አባባ የታሰረ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አወጡ። "በዚህ? የልጄ ሥራ ነው። እኔማ ተይው ብያት ነበር፣ እንቢ አለችኝ።"
በሰው ፊት። አንገቴን አልደፋሁም።

ታኅሣሥ 12
ከጫግኒ አንድ ነጋዴ መጣ። ቤት እያሠራ ነው፤ እንደ ወይዘሮ ሙሉነሽ ባኞ ቤት ያለ ድንጋይ ይፈልጋል። አባባ ደጅ ተቀምጠው ነበር።
"ድንጋይ ጠራቢው እርስዎ ነዎት?"
"እሷ ናት" አሉ፣ ፈቀቅ ብለው ቦታ እየለቀቁልኝ።
ሰውዬው አየኝ። አባባን አየ። እንደገና አየኝ። ሊስቅ ይሆን? ይሳቅ... ቆሜ ጠበቅሁት። አልሳቀም።
"ሳህኑን ይዘው መጥተዋል?" አልሁት። "ሳላየው ልክ አልወስድም።"