ከጠረጴዛው ዙሪያ እስከ ወንበሩ፦ የጥርስ ሠሪዋ የሕይወት ታሪክ

በሠፈሩ «ጥርስ ሠሪዋ» እየተባሉ የሚታወቁት አክስታችን፣ ከቁልፍ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ። ከአባታቸው ሱቅ ገብተው ቁልፍ መሞረድ ከጀመሩ፣ ካልጠሯቸው በቀር ከተቀመጡበት የማይነሡ ልጅ እንደነበሩ ታላቅ እህታቸው ያስታውሳሉ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1971 የሰው ሠራሽ ጥርስ አሠራር ለመማር ተመዘገቡ። በ1973 ተመርቀው ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጀርባ በሚገኝ ወርክሾፕ ተቀጠሩ። በሰም ቀርጸው፣ በጄሶ አትመው፣ ሞርደውና አለስልሰው የሠሯቸው ጥርሶች ዛሬ እዚህ ከተሰበሰብነው መካከል በጥቂቶቻችን አፍ ውስጥ አሉ። ሰው ሲስቅ መጀመሪያ የሚያዩት ጥርሱን ነበር። የእጃቸው ሥራ ከሆነ ቀልዱን ሳይሰሙም አብረው ይስቁ ነበር።

በ1977 ከአውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው በ1980 አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

በ1991 አንድ ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ የግራ መንጋጋቸውን ኤሌክትሪክ እንደያዘው ያለ ሕመም መታቸው። እሳቸውም ጥርስ ነው አሉ። የክሊኒኩ ሐኪም ራጁን እያሳዩ ጥርሱ ጤነኛ መሆኑን ቢነግሯቸው፣ «አሥራ ስምንት ዓመት ጥርስ ስሠራ ኖሬ የገዛ ጥርሴ ይጠፋኛል? ይንቀሉልኝ!» ብለው አስጨነቋቸው። ሐኪሙ በመጨረሻ ነቀሉላቸው። ሕመሙ ሁለት ሳምንት ፋታ ሰጥቶ ወደ ጎረቤቱ ጥርስ ተዛወረ። በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ጤነኛ ጥርሶች ተነቀሉ። ምትካቸውን አሳምረው ሠሩ፤ ድዳቸው አላስነካ ስላለ ግን አንድም ቀን አላደረጉትም።

የነርቭ ሐኪም ዘንድ የደረሱት በ1995 ነው። ሕመሙ የፊት ነርቭ እንጂ የጥርስ አልነበረም። እስከዚያ መጣ ሄድ ይል የነበረው ሕመምም ቀኑን ሙሉ ወደሚያቃጥል ተለውጦ ነበር። መድኃኒቱም፣ ሁለት ጊዜ የተደረገላቸው ቀዶ ሕክምናም አልያዘላቸውም። ሥራቸውን አቆሙ። ቁጭ ሲሉ ስለሚብስባቸው የምግብ ጠረጴዛውን ይዞሩ ጀመር፤ ምንጣፉ እስኪሳሳ ዞሩ። «የኔ አውቶቡስ እንኳ ይህን ያህል አይመላለስም» እያሉ ባለቤታቸው ሊያስቋቸው ይሞክሩ ነበር። መሳቁም ያማቸው ነበር። ዘመድ ሁሉ የቀኝ ጉንጫቸውን ብቻ መሳም ለመደ፤ ባለቤታቸውም ጭምር።

በ2005 የአንጎል ማነቃቂያ ሕክምና ተደረገላቸው። ይህም ቀጭን ሽቦ ወደ አንጎል ውስጠኛ ክፍል አስገብቶ፣ ከደረት ቆዳ ሥር ከሚቀበር ባትሪ ትንሽ ኤሌክትሪክ መላክ ነው። የነርቭ ሐኪሙ ሕክምናው ለአንዳንዱ ሠርቶ ለሌላው እንደማይሠራ አልደበቋቸውም። ባትሪው ሳይተከል በተሞከረበት ሳምንት ከአሥር ዘጠኝ የነበረው ሕመማቸው ወደ አራት ወረደ፤ ባትሪውም ተተከለ።

ከዚያ ወዲያ መሣሪያው የሚስተካከለው በእሳቸው ቃል ነበር። በየቀኑ የሕመሙን መጠን በደብተር ያስጽፋሉ፤ ሐኪሙ ያንን አይተው ኤሌክትሪኩን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። ወር ሳይሞላ ሕመሙ ተመለሰ። ነገር ግን ባለቤታቸው የምሥራቹን ለዘመድ ሁሉ ደውለው ሲናገሩ ሰምተው ነበርና ያንን ደስታ መንጠቅ አልሆነላቸውም። «ሁለት ብለሽ ጻፊ» ይሉ ነበር። ደብተሩን የምትይዘው አብራቸው እየኖረች ዩኒቨርሲቲ የምትማር የእህታቸው ልጅ ነበረች። ሁለት ብላ ትጽፋለች፤ እግራቸው ግን አያርፍም። አፍ አውጥታ መናገር ስላቃታት፣ ከትምህርት ከተመለሰች እስከ እራት ጠረጴዛውን ስንት ጊዜ እንደዞሩ እየቆጠረች ከቁጥሩ ጎን ማስፈር ጀመረች።

በሦስተኛው ቀጠሮ ሐኪሙ «ሁለት፤ 140 ዙር» የሚለውን አንብበው ቀና አሉ። «እናቴ፣ ሁለት የሆነ ሕመም መቶ አርባ ጊዜ ያዞራል?»

አክስታችን ወደ እህታቸው ልጅ ዞረው፣ «አንቺ ድምፅ የለሽ፣ በጽሑፍ አጋለጥሽኝ!» አሉ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ተመለሱና፣ «ስምንት ነው» አሉ።

መሣሪያውን ለማስተካከል አራት ቀጠሮ ፈጀ። ዙሩ ወደ ዘጠና፣ ቀጥሎም ወደ ሠላሳ ወረደ። አንድ እሑድ ምሳ ተበልቶ እስኪያልቅ ከወንበራቸው አልተነሡም። ሰሐኑ ሲነሣ የግራ ጉንጫቸውን ወደ ባለቤታቸው አዞሩ። ባለቤታቸው ፈርተው ሲያመነቱ፣ «ሳመኝ እንጂ አንተ ሰውዬ፣ አልነክስህም! ጥርሱን ከየት አምጥቼ?» አሏቸው።

ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ነፋስ ባለበት ቀን በሻርፕ ተሸፋፍነው ይወጡ ነበር። በ2006 ወደ ወርክሾፓቸው ተመልሰው እስከ 2014 ሠሩ። «ካልነቀላችሁልኝ» እያለ ጤነኛ ጥርስ ይዞ የሚሟገት ሰው ከሰሙ፣ ሥራቸውን ትተው ብቅ ይሉና አፋቸውን ከፍተው ባዶውን ቦታ ያሳዩት ነበር።

በሳንባ ሕመም አራት ወራት ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ እህት ወንድሞቻቸውንና ደብተር ያዥ የእህታቸውን ልጅ ትተው ሄደዋል።

ብዙ ለዞሩት እግሮቻቸው እፎይታን፣ ለነፍሳቸውም ቁጭ ብላ የምታርፍበትን ስፍራ ፈጣሪ ይስጥልን። ልትሰናበቷቸው የምትቀርቡ ሁሉ የግራ ጉንጫቸውን አትፍሩ፤ ሳሟቸው።