መድረክ ላይ ስለ ወጣው «ያልተጠበቀ ሁኔታ»

ለተከበሩ አቶ ስምዖን፣
የኅብር መድረክ የሙዚቃ ዝግጅቶች ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣
ናይሮቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ፣ ለጉንጭዎ፣ በተለይም ለከንፈርዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ፤ የከንፈር ጥቅም የሚታወቀው ከተሰፋ በኋላ ነውና። እኔ እዚህ ኢስትሊ ለስደተኛ ልጆች ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። ኮሚቴዎ ስለ ድምጻዊት ዘመናይ አውጥቶ በየምግብ ቤቱ በር የለጠፈውን መግለጫ፣ እንደ ልማዴ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዘመናይ ተማሪዬ ነበረች። ያልገቡኝን ነጥቦች በትሕትና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. መግለጫው ስለ ዘመናይ በአሥራ አራት ግሦች ይናገራል፤ ለበሰች፣ ዘፈነች፣ ገፈተረች፣ አስቆጣች፣ ወደቀች፣ ተጎዳች እያለ ይቀጥላል። ስለ አንድም ወንድ የሚናገር ግሥ ግን ፈልጌ አጣሁ። ከንፈሯ የተተረተረበትን ምክንያት እንዲያስረዳ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር «ያልተጠበቀ ሁኔታ ተፈጠረ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ በሰባ ሁለት ዓመት ዕድሜዬ ሁኔታ ጫማውን አድርጎ መድረክ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፓርክላንድስ አዳራሽ ውስጥ፣ አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ሲወጣ ያየሁት የክብር እንግዳችሁን አቶ አድነውን ነው።

፪. «ወደቀች» የሚለውን ቃል፣ ከፈቀዱልኝ፣ በዝርዝር ልጻፈው። አቶ አድነው ከፊት ወንበር ተነሥቶ፣ እርሷ እየዘፈነች ሳለ፣ ጭኗን ያዘ። እርሷም ዘፈኗን ሳታቋርጥ እጁን በእግሯ ገፋችው፤ ሕዝቡም ሳቀ። ሳቁን አልቻለውም መሰለኝ፣ መድረኩ ላይ ዘሎ ጸጉሯን በጡጫው ጠቅልሎ አንበረከካትና ማይክሮፎኑን ከእጇ ነጥቆ አፏን ሦስት ጊዜ መታት። ማይክሮፎኑ ስላልጠፋ እያንዳንዱን ምት አዳራሹ በሙሉ በድምጽ ማጉያው ሰማው፤ በሦስተኛው የአጥንት ድምጽም ነበረበት። ባንዱ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ተጫወተ፤ ከበሮ መቺውም አንዲት ምት አልሳተም፣ ለሙያ ፍቅሩ አድናቆቴን ያድርሱልኝ። ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ «በላት! ልኳን አሳያት!» ሲል፣ ከጎኑ ያለው ወጣት ደግሞ ስዋሂሊ ቀላቅሎ «ዋቻ፣ ብሮ! ተዋት!» እያለ በስልኩ ይቀርጽ ነበር፤ ለመጮህ አፉን ከፈተ እንጂ ስልኩን አላወረደም። መድረኩ ላይ ደርሳ አቶ አድነው ጀርባ ላይ የተንጠለጠለችው ከኋላዋ ቆማ ዘፈን የምትቀበላት ቤቲ ብቻ ናት። ጥበቃዎቻችሁም ፈጥነው ደረሱ፤ ክንዷን ጠምዝዘው በመጀመሪያ ያወረዱትም ቤቲን ነው።

፫. «አለባበሷና ግጥሟ ለጠብ የሚጋብዝ ነበር» ብላችኋል። ቀሚሱ እጅጌ አልነበረውም፤ እውነት ነው። «ቀሚሱ አጠር፣ ጠበብ ይበል፤ አዲስ ፎቶም ላኪ» የሚለው የኮሚቴዎ መልእክት እስካሁን ስልኳ ላይ አለ። ከእርሷ በፊት የዘፈነው ባልቻ ሸሚዙን አውልቆ ለሕዝቡ ሲወረውር ግን ማንም አልተጋበዘም፤ ላብ ያጠመቀውን ደረቱን ያቀፈው ያው አቶ አድነው ነው። ባልቻ በዚያው ዘፈኑ ፍቅረኛው ሌላ የወደደች እንደሆነ እንደሚያርዳት አራት ጊዜ ምሏል፤ የሰባት ዓመት ሕፃናትም አብረው ተቀብለዋል። ይህን ፖስተራችሁ «የፍቅር ዜማ» ይለዋል። የዘመናይ ዘፈን የሚለው «በሬን ቆልፌ ቁልፉን ያዝኩት» ብቻ ነው። ማረድ ፍቅር፣ መቆለፍ ጠብ መሆኑን ሳላስተምር ጡረታ በመውጣቴ አዝናለሁ።

፬. በማግሥቱ ፊቷን በሻርፕ ሸፍና ቢሮአችሁ ስትመጣ፣ ጸሐፊዎ «ባለቤት የላትም እንዴ? ባለቤቷ ይምጣና እንደ ሰው እንነጋገር» ብለው መልሰዋታል። በሰዋስው ባለቤት ማለት ድርጊቱን የፈጸመው ነው። ባለቤት የጎደለው ዓረፍተ ነገራችሁ ነው።

፭. እስከ ዓርብ እኩለ ቀን የይቅርታ ደብዳቤ ካልፈረመች የናይሮቢን አዳራሾች ሁሉ እንደምታዘጉባት አስታውቃችኋል። ዘመናይ ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ ከመዝፈን ሌላ ሥራ አታውቅም፤ እናቷንም የምታስተዳድረው በዚሁ ነው። ዛሬ ከንፈሯ ዘጠኝ ቦታ ስለተሰፋ በ፣ መ እና ፈን ማለት አትችልም፤ የገዛ ስሟን ስትጠራ መ ላይ ትቆማለች። «ይቅርታ» ግን አንድም የከንፈር ፊደል የለበትም። ለዚህ ርኅራኄያችሁ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

አርቅቃችሁ የላካችሁላትን የይቅርታ ደብዳቤ ወስጄ እንደ መምህር አረምኩት። «የታዳሚውን ስሜት አስቆጥቻለሁ» የሚለውን ሰርዤ «ጸጉሯን ጎትቻለሁ፣ አፏን ሦስት ጊዜ መትቻለሁ» የሚል ተካሁበት። እርማቴን እንድታየው ብሰጣት፣ መናገር ስለማትችል ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ቲቸር፣ አሁን ትክክል ነው። ግን ሲዮ ያንጉ፤ የኔ አይደለም። ለፈጸመው ሰውዬ ይስጡልኝ።» ስለዚህ ለአቶ አድነው እንዲያደርሱልኝ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፤ የፊርማውን ቦታ በመስመር አሳይቻለሁ።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ዘመናይን አትጠብቋት። ለፖሊስ የሚቀርበውን፣ ፒ ስሪ የሚባለውን የጉዳት ቅጽ ይዘን እኔ፣ እርሷና ቤቲ ጣቢያ እንሆናለን። መርማሪው «ማን መታሽ?» ብሎ ሲጠይቅ «ሁኔታ» ብለን አናሳፍራችሁም፤ መናገር ቢያቅታት ሙሉ ስሙን ከነአባቱ ትጽፈዋለች፤ እጇን አልሰበራችሁትምና። አዳራሾቹን ብታዘጉባትም፣ ስፌቱ በተፈታ ዕለት የምትዘፍንበትን ቦታ የምትመርጠው እርሷ ናት።

የዘፈኑ መጨረሻ እስኪደርስ ከወንበራችሁ ሳትነሡ ስለጠበቃችሁበት ጨዋነት፣ በመግለጫችሁም ለአንድ ወንድ ስም ስላደረጋችሁት ጥንቃቄ የማያልቅ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለሚቀጥለው መግለጫችሁ ቀይ እስክሪብቶዬን በነፃ ለማዋስ ዝግጁ መሆኔን አረጋግጣለሁ።

አክባሪዎ፣
ፍቅርተ ማዕረግ
ጡረተኛ የአማርኛ መምህርት
ኢስትሊ

ማስታወሻ፦ መግለጫውን ከፈረሙት ሰባት ሰዎች ሦስቱን ማንበብና መጻፍ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። በዚህ ከተማ መድረክ ላይ የሚቆሙ ሴቶችን ሁሉ ስለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የራሴን ይቅርታ እኔ ፈርሜያለሁ።