«ያለ አንዳች ጉድለት ተረክበናል፣ አሜን»

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ያረጋል፣ አዳማ

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? የብየዳው ብርሃን የሚያስለቅሰው ዓይንህስ ተሻለው? ባለቤትህ እትዬ ዓባይነሽ፣ ልጅህ ምስክር፣ ሁላችሁም እንዴት ናችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬ ደህና ነን። «ዛሬ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ስለ መጪው ሳምንት ቅዳሜ እርግጠኛ አይደለሁም። ኔትወርክ ከጠፋ አሥራ አምስት ቀን አለፈው። ይህን ደብዳቤ የያዘልህ በቆሎ ጭኖ ወደ እናንተ የሚመጣው ሾፌሩ አንዷለም ነው።

የአባባ ጽዋ ማኅበር ባለ ቤት ተሳቢ አሠራ። ሽማግሌዎቹ ለጽዮን ማርያም ቆላ ወርደው ጠበሉ ዘንድ ሲያድሩ ቢንቢ እየጨረሳቸው ተቸገሩ። ስለዚህ በአባባ ትራክተር የሚጎተት፣ ጣሪያና በር ያለው፣ አራት አልጋ የተዘረጋበት የቆርቆሮ ቤት ቡሬ ካለ አንድ ብየዳ ቤት አዘዙ። ባለፈው ቅዳሜ ልንረከብ ሄድን። እኔን የወሰዱኝ ወረቀቱን እንዳነብላቸው ነው። የንስሐ አባታችን ቄስ አድማሴ መነጽራቸውን ረስተዋል፤ የሌሎቹን ዓይን ደግሞ አንተም ታውቀዋለህ፣ የሰው በሬ ካልሆነ ከሩቅ የሚለዩት ነገር የለም።

ተሳቢውንም የመረመሩት እንደ በሬ ነው። አባባ ጎኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፣ ጎማውን በእግራቸው ገፋ አደረጉ፣ ወደ ኋላ ዞረው ቁመናውን አዩ። ጥርሱን መግለጥ ብቻ ነው የቀራቸው። ቄስ አድማሴም «ገራም ይመስላል» አሉ። ቆርቆሮው ገራም! ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ያየ ግን አንድም ሰው የለም።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የእኔ ነው። የርክክቡን ወረቀት ሲሰጡኝ በቄስ አድማሴ የንባብ ዜማ እየጎተትኩ አነበብኩት። ላስቃቸው ብዬ ነበር። እነሱ ግን አንገታቸውን ደፍተው ያደምጡኝ ጀመር። «ዕቃውን መርምረን ያለ አንዳች ጉድለት ተረክበናል» ስል ሁሉም ባንድ ድምፅ «አሜን!» አሉ። የብየዳ ቤቱ ባለቤት ሳይቀር። አባባ ፈረሙ፣ ቄስ አድማሴ ጠበል ረጩ፣ እልል ተባለ። እኔ ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ ልፈነዳ ደርሼ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ላጥበው ብዬ ውሃ ብደፋበት፣ ጣሪያው ለእማሆይ ታንጉት በተመደበው አልጋ ላይ አንጠባጠበ። በሩም ከውስጥ አይከፈትም። ይህን ያወቅሁት ታናሻችን ክንዱ ገብቶ ሳለ በሩን ዘግቼበት ነው፤ አትቆጣ፣ ቶሎ አወጣሁት። እስከዚህ ድረስ ያስቃል። ከትራክተሩ ጋር የሚያያዝበትን ብረት፣ አባባ «ቀንበሩ» የሚሉትን፣ ሳጥብ ግን ብየዳው ላይ ፀጉር የምታህል መስመር አየሁ። ከላይ ቀለም ተቀብታለች። ጫፏ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግሁ። ሰኞ አባባ ሊሞክሩት ብለው እስከ ጅጋ ጎትተውት ተመለሱ። ሮጬ ባይ፣ መስመሯ ምልክቴን የጥፍሬን ያህል አልፋ ሄዳለች። ያውም በባዶው፣ ወንድም ጋሼ! በመጪው ሳምንት ቅዳሜ ለበዓሉ አሥራ አራት ሰው ይሳፈርበታል። የቆላውን ቁልቁለት ታውቀዋለህ፤ ባንድ በኩል ገደል ነው።

ለአባባ ነገርኳቸው። «ቀለሙ ነው የተሰነጠቀው፤ አዲስ ጫማስ ይሸበሸብ የለ?» አሉኝ። ቄስ አድማሴ ጋ ብሄድ «ልጄ፣ ጠበል የነካውን እንከን አለው ስትዪ የማንን እጅ መጠርጠርሽ ነው?» ብለው አፌን አስያዙኝ። ትናንት ደግሜ አባባን ብወተውታቸው ግን አልጮኹብኝም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አሜን ብዬ ፈርሜ፣ ምን ፊት ይዤ ቡሬ እመለሳለሁ?» አሉ። ይበልጥ የፈራሁት ያኔ ነው። እሳቸውም መስመሯን አይተዋታል።

እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ያውም ቀልደኛ። ማን ይሰማኛል? አንተ ግን በያጅ ነህ። አንዷለም ማክሰኞ ስለሚመለስ በራስህ እጅ ለአባባ ጻፍላቸው። ስንጥቋን አታንሳ፣ ስሜንም አትጥራ። «አዲስ ተሳቢ ሰው ከመጫኑ በፊት አንገቱ ዳግም ይበየዳል፤ በሩና ጣሪያውም አብረው ይታያሉ፤ የሙያው ደንብ ነው» በላቸው። ለመመለስ ያፍራሉ እንጂ ለማስበየድ አያፍሩም። ደብዳቤህ ካልደረሰ ቅዳሜ ጠዋት ማኅበሩ ፊት ቆሜ በወረቀቱ እንደቀለድኩባቸው እናዘዛለሁ፤ «አሜናችሁ አይቆጠርም» እላለሁ። አለንጋውን እችለዋለሁ። ቁልቁለቱን ነው የማልችለው።

እምዬ በጣም ናፍቀኸኛል ብላሃለች፤ እሷ የተመደበችው ፊት ለፊት ባለው አልጋ ላይ ነው። እማሆይ ታንጉት በጸሎታቸው አይረሱህም፤ ከእምዬ ጎን ናቸው። ክንዱ ኳስ ላክልኝ ብሎሃል፤ የእሱ ቦታ በሩ ሥር ነው። አባባ ትራክተሩን ይነዳሉ፤ መጻፌን ስለማያውቁ ሰላምታቸውን ከእኔ ተቀበል። እትዬ ዓባይነሽን እጅ ንሳልኝ፣ ምስክርን ጉንጩን ሳምልኝ። የእኔ መቀመጫ በፊተኛዋ መስኮት በኩል ነው፤ ከዚያ ሆኖ ቀንበሩ ወለል ብሎ ይታያል።

እህትህ ሕሊና ባምላኩ
ማንኩሳ፣ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.