ክፍተት ሲደፍኑ የኖሩት አቶ ህሩይ ሐብተ ማርያም

አቶ ህሩይ በቁስቋም ደብር የአቋቋም መምህር ከነበሩት ከአባታቸው ከመሪጌታ ሐብተ ማርያም ወልደኢየሱስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሩፋኤል ጥቅምት 5 ቀን 1964 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ ቁስቋም ሰፈር ተወለዱ። ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው ዘንድ ተማሩ። መሪጌታ የበኩር ልጃቸው ወንበራቸውን እንዲወርሱ ይመኙ ነበር፤ እሳቸው ግን የጎረቤቱን ሬዲዮ ሁሉ እየፈቱ መልሶ መግጠም ስለያዛቸው ምኞቱ ምኞት ሆኖ ቀረ። የፈቱትን ሁሉ መልሰው ገጥመዋል ብላ ለመመስከር ግን ይህን የምትጽፈው ታናሽ እህታቸው ለተ ማርያም አትደፍርም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጎንደር ከተማ በ1982 ዓ.ም. ፈጽመው ባሕር ዳር በኤሌክትሮኒክስ በዲፕሎማ ተመረቁ። ወደ ጎንደር ተመልሰው ፒያሳ ላይ የጽሕፈት መኪና፣ በኋላም ኮምፒውተር ሲጠግኑ ቆዩ። በ1991 ዓ.ም. ከወይዘሮ እንኳየሁ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ማርያማዊትን እና መዝሙርን ወለዱ። አንደኛ ሚዜያቸው አብሮ አደጋቸው አቶ መልካሙ ነበሩ።

በ1999 ዓ.ም. በከተማችን በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል በኮምፒውተር ባለሙያነት ተቀጠሩ። ሥራቸው ምን እንደሆነ ለቤተሰቡ ሲያስረዱ ዕድሜያቸው አለቀ ማለት ይቻላል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር አለው፤ በውስጡ ባለ ሶፍትዌር አማካይነት ያ አንዱ እንደ ብዙ ኮምፒውተር ሆኖ ይሠራል። አንዱ የካርድ ክፍሉ ነው፣ አንዱ የላቦራቶሪው፣ አንዱ የመድኃኒት ቤቱ። እነዚህን ቨርቹዋል ማሽን ይሏቸዋል። በአንድ ግቢ እንደሚኖሩ ተከራዮች ናቸው፤ የሚለያያቸው ግድግዳ ከተሸነቆረ አንዱ ቤት የገባ ሌባ ሁሉንም ያዳርሳል። ሶፍትዌሩን የሚሠሩት ሰዎች ሽንቁር ባገኙ ቁጥር መድፈኛውን ይልካሉ፤ አቶ ህሩይ ያንን ይጭናሉ። ለመጫን ደግሞ ሁሉንም ማሽን ለሁለት ሰዓት ያህል ማጥፋት የግድ ነው። አንዱን ደፍነው እጃቸውን ሳይታጠቡ ሌላው ይመጣል። ሃያ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ አንድም ቀን ጨረስኩ ብለው አያውቁም።

በ2012 ዓ.ም. በገና ማግስት በሶፍትዌሩ ላይ አንድ ከባድ ክፍተት መገኘቱ ተነገረ። አቶ ህሩይ ማሽኖቹን ለማጥፋት ፈቃድ ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ በዚያን ጊዜም አሁንም ሚዜያቸው አቶ መልካሙ ናቸው። እሳቸውም፣ «ምነው ህሩይ፣ አገር ምድሩ ለጥምቀት እየገባ? በዓሉ ይለፍና እንደፈለግህ ታደርገዋለህ» አሏቸው። አቶ ህሩይ ነገሩ እንደማይቆይ ያውቁ ነበር። ነገር ግን ሚዜን ሁለት ጊዜ ለመጨቅጨቅ ይሉኝታ ያዛቸውና ሥራውን አቆዩት።

ጥር 12 ቀን፣ ሰው ሁሉ የሚካኤልን ታቦት ለመሸኘት ወጥቶ ሳለ፣ በካርድ ክፍሉ ማሽን የገቡ ሰዎች ግድግዳውን አልፈው የሆስፒታሉን መዝገብ በሙሉ ገንዘብ ካልተከፈለን ብለው ቆለፉት። ከጠዳ የመጡ አንዲት ወላድ የደም ምርመራ ውጤታቸው አብሮ ተቆለፈ። ምርመራው እንደገና እስኪሠራ ጊዜ አለፈ። እናቲቱ ተረፉ፤ ልጃቸው አልተረፈም። ሐኪሞቹ ሕፃኑ ቀድሞም የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ እንደነበር ደጋግመው ነግረዋቸዋል። አቶ ህሩይ አንድም ቀን አላመኗቸውም። መዝገቡን ከመጠባበቂያ ቅጂ ሲመልሱ ሁለት ወር ፈጀባቸው፤ ወደ ቤታቸው የተመለሱት ግን ሌላ ሰው ሆነው ነው።

ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ጠይቀው አያውቁም። መድፈኛው በመጣ በሦስት ቀን ውስጥ ይጫናል፤ ፋሲካም ይሁን የሠርግ ሰሞን፣ ወረቀት ለጥፈው ያጠፋሉ። ነርሶቹ «አቶ አጥፋ» የሚል ስም አወጡላቸው። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራትም መድፈኛውን ከአዲስ አበባ በሚመጣ መንገደኛ እጅ በፍላሽ እያስላኩ ይጭኑ ነበር። ቤተሰቡ በዚህ ተማሮ ያውቃል። የማርያማዊት ምርቃት ዕለት የደረሱት ድንኳኑ ሲፈርስ ነው። እሳቸውም ደክሟቸው ነበር፤ «ለተዬ፣ ይህ ሥራ እኮ አያልቅም» ይሉ ነበር፤ ብለውም ተነሥተው ይሄዳሉ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የልብ ሕመም ያስቸግራቸው ነበር። ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕመሙ ጠንቶባቸው በዚያው በሚሠሩበት ሆስፒታል ተኙ። በሁለተኛው ቀን አዲስ መድፈኛ መጣ። ሥራውን ያስተማሯት መቅደላዊት ማሽኖቹን ለማጥፋት አመነታች፤ የእሳቸውም ምርመራና የመድኃኒት ትእዛዝ እዚያው ውስጥ ነበርና። ወይዘሮ እንኳየሁ እያለቀሱ ሻል እስኪላቸው እንዲቆይ ለመኑ። አቶ መልካሙም አልጋው አጠገብ ቆመው፣ «ይቆይ፤ ይህን እንኳ ለእኔ ብለህ» አሉ።

አቶ ህሩይ፣ «መልካሙ፣ አንድ ጊዜ ላንተ ብዬ አቆይቻለሁ። አጥፊው፣ መቅዲ» አሉ።

ጠፋ። ለሁለት ሰዓት ሁሉ ነገር በእጅ ተጻፈ። የአብሮ አደጋቸውን የደም ውጤት በወረቀት ይዘው ከላቦራቶሪ እስከ ሦስተኛ ፎቅ የተመላለሱት አቶ መልካሙ ራሳቸው ናቸው። ይህ ታሪክ ሳይሸፋፈን እንዲነበብ የጠየቁትም እሳቸው ናቸው፤ አሁን እዚሁ በመካከላችን ቆመዋል። ማሽኖቹ መነሣታቸው ሲነገራቸው አቶ ህሩይ ስልካቸውን ለባለቤታቸው ሰጥተው ተኙ። ሕክምናቸውን ሲከታተሉ ቆይተው ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለይተዋል።

አቶ ህሩይ የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት ነበሩ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ እናታቸውን እና እህታቸውን በሐዘን ትተው ሄደዋል።

መቅደላዊት ዛሬ ከቀብሩ አልተገኘችም። ትናንት ሌላ መድፈኛ ስለመጣ ማሽኖቹን አጥፍታ እየጫነች ነው። ቤተሰቡ ቅር አልተሰኘም፤ እሳቸውም ቢሆኑ አይመጡም ነበር።

አምላክ ሆይ፣ አገልጋይህ በምድር ያላገኙትን ዕረፍት በአባቶቻቸው በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ስጣቸው። አሜን።