ከሆስፒታል ኩሽና እስከ ዋንጫው፦ የእማማ ሻምፒዮን የሕይወት ታሪክ

በሾርባ አሠራር እማማ ሻምፒዮንን የሚስተካከል ሰው በዚህ ሰፈር አልተወለደም፤ ወደፊትም አይወለድም። ይህን መስመር ያስጻፉት ራሳቸው ናቸው። አንዲት ቃል እንዳትነካ ብለው ጸሐፊዋን አስምለዋታል፤ ስለዚህ አልተነካችም።

እማማ ሻምፒዮን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከአናጢው መሥሪያ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ዝናብ በማያባራበት ወር ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ብቻቸውን የነገሡት ግን ለአጭር ጊዜ ነው፤ ድክ ድክ ማለት ሲጀምሩ ታናሽ እህታቸው ተከተሉ። ከዚያ በኋላ አልጋው የጋራ፣ ማበጠሪያው የጋራ፣ ቁንጥጫውም የጋራ ሆነ። እናታቸው ጭቅጭቁ ሲሰለቻቸው ሁሉን ነገር ጥንድ ጥንድ አድርገው መግዛት ጀመሩ። ሁለቱ እህትማማቾች ትዳር ሲይዙ የተሰጣቸው ድስት እንኳ ባለ ሰማያዊ እጀታ፣ አንድ ልክ፣ አንድ መልክ ነበር። የአንዱ ክዳን በሌላው ላይ ልክክ ይል ነበር።

ትምህርታቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በሒሳብ የሚደርስባቸው እንዳልነበረ ይነገራል። የሚናገሩት እሳቸው ናቸው።

ከዚያም በከተማው ሆስፒታል ኩሽና በዕቃ አጣቢነት ተቀጠሩ። ቀስ በቀስ ከገንዳው ወደ ምድጃው ተጠጉ፤ በመጨረሻም የኩሽናው ኃላፊ ሆነው ጡረታ እስኪወጡ አገለገሉ። ኩሽናው ምድር ቤት ነበር። መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለሆነ ወደ ውጭ የሚታየው ጫማ ብቻ ነው። እማማ ማን ደስ ብሎት፣ ማን ከፍቶት እንደሚወጣ ከአረማመዱ ያውቁ ነበር፤ ለከፋው ሻይ ይልኩለት ነበር። የሚያበስሉት ለኩላሊት፣ ለልብና ለደም ግፊት ሕመምተኞች ስለነበር ጨው በቁልፍ ይቀመጥ ነበር። ቁልፉም በእማማ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። እንዲህ ሲል ሲል እጃቸውም ምላሳቸውም ጨው የሚባል ነገር ረሳ። ጨው አነሰው ያለ ሰው ካለ መልሳቸው አንድ ነበር፦ "ባሕር ሄደህ ጠጣ!"

ትዳር የመሠረቱት ከዚያው ሆስፒታል አምቡላንስ ሹፌር ጋር ነው። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው ዝምተኛና አስተዋይ ሰው ነበሩ፤ በኮታቸው የውስጥ ኪስ ትንሽ የጨው መነስነሻ ይዘው ይዞሩ ነበር። እማማ ዳቦ ሊያመጡ ዞር ሲሉ መነስነሻዋ በጠረጴዛው ሥር ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ኮቴያቸው ሲሰማ ወደ ኪስ ትመለሳለች። እማማም ሳህኑ ሁሉ ሙልጭ ብሎ ሲያዩ "ይኸው! ጨው የት አለ?" ይላሉ። እውነትም የት እንዳለ የሚናገር አልነበረም። ባለቤታቸው በሞት ከተለዩ በኋላ እማማ ኮቱን ሲያጣጥፉ መነስነሻዋን አገኟት። "ምስኪን፣ ሥራ ቦታ ለሚበላው እንቁላል ነበር" ብለው አጥበው መደርደሪያው ላይ አስቀመጧት። ማንም አላረማቸውም።

የሰፈሩ ማኅበር በየዓመቱ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የሾርባ ውድድር ያዘጋጅ ነበር። እማማ አንድም ዓመት አልቀሩም፤ አንድም ዓመት ዋንጫ አላገኙም። ዋንጫው ብዙውን ጊዜ የሚገባው ወደ ታናሽ እህታቸው ቤት ነበር። ምክንያት ግን አጥተው አያውቁም። አንዴ ዳኛው ፋርማሲስት ጉንፋን ይዞት ነበር፤ አንዴ ማንኪያው ሳሙና ሸትቷል፤ አንዴ ደግሞ ዳኛዋ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ከቤቷ ጠግባ መጥታለች። እህታቸው ይህን ሁሉ ሰምተው "እሺ እትዬ" ብለው ዋንጫቸውን ታቅፈው ይገቡ ነበር።

ባለቤታቸው ባረፉ በዓመቱ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ዳኞች የማን ድስት እንደሆነ እንዳያውቁ ተወዳዳሪው ሁሉ ድስቱን አስቀምጦ ግቢ ውስጥ ይጠብቃል። ቁጥሩ የሚለጠፈው በክዳኑ ላይ ነው፤ የድስቱ ጎን ስለሚግል ወረቀት አይዝም። የዚያን ቀን ሁሉም ከወጣ በኋላ እህታቸው መሐረብ ረሳሁ ብለው ተመልሰው ነበር። ከዚያ ቅምሻው ተጀመረ። ውጤት ሲነገር የእማማ ቁጥር አንደኛ ወጣ፣ ያውም ዳኞቹ ሳይከራከሩ። የእህታቸው ቁጥር መጨረሻ ሆነ። እማማ መድረክ ላይ ዋንጫውን ከፍ አድርገው ሲያሳዩ ተመልካቹ አሸናፊውን ድስት እስከ ታቹ ጨልጦ ጨረሰው። ሻምፒዮን የሚለው ስም ያን ዕለት ወጣላቸው፤ የመጀመሪያ ስማቸውን የሚያስታውስ ሰው ከዚያ በኋላ እየጠፋ ሄደ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሲስቁ የታዩትም ያን ዕለት ነው።

አንድ ነገር ግን ጎደላቸው። እህታቸው "እንኳን ደስ ያለሽ" ከማለት ሌላ ትንፍሽ አላሉም። እማማ የፈለጉት "በለጥሽኝ" የምትለዋን አንዲት ቃል ነበር። እህታቸው በእንግድነት ሲመጡ እማማ ዋንጫውን ከሳሎን ጥግ አንስተው ፊት ለፊታቸው ያስቀምጣሉ። እህታቸው ሻያቸውን ይጠጣሉ። እማማ ዋንጫውን ይወለውላሉ። እህታቸው ሁለተኛ ሻይ ይቀዳልኝ ይላሉ። ቃሏ ሳትወጣ ዓመታት ሄዱ።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ልባቸው ደከመ። የተኙትም ዕድሜያቸውን ባበሰሉበት ሆስፒታል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከቀድሞ ኩሽናቸው የሚመጣውን ሾርባ "ይሄ ጨው በዝቶበታል" እያሉ ይመልሱ ነበር። ለወጥ ቤቶቹ እንዲነገር የላኩት መልእክት ብዙ ስለሆነ እዚህ አይገባም።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ነርሷ መጋረጃውን ስትከፍት አርፈው ተገኙ። ትልቁ ልጃቸው የስልኩን ቻርጀር ከግድግዳው ነቅሎ ጠቀለለ። ከዚያ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ቤት ሲገባ ወንበር ተደረደረ፣ ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። እህታቸው ባለ ሰማያዊ እጀታውን ድስት አጠቡት፤ አደረቁት፤ እንደገና አጠቡት። ጎረቤት ያመጣው ሾርባ ቀረበ። ልጆቻቸው ሁሉ በሉ፤ ምን ምን እንደሚል ግን አንዳቸውም አያውቁም። ትንሹ ልጃቸው በልማዱ እጁን በጠረጴዛው ሥር ዘረጋ። የሚያቀብለው ሲያጣ መልሶ ሰበሰበው። ሾርባው ጨው ነበረው።

እማማ ሻምፒዮን ሦስት ልጆች፣ ሰባት የልጅ ልጆች፣ አንዲት እህትና አንድ ዋንጫ ትተው አልፈዋል። ሌላው አብስሎ እሳቸው ተቀምጠው በሚበሉበት ቦታ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። ለቀረነውም ማልቀስ ሲመጣልን የምናለቅስበትን ብርታት ይስጠን።

የመጀመሪያው መስመር ይውጣ ያለ ዘመድ ነበር። ታናሽ እህታቸው "ይቀመጥ፤ ቃል ተገብቶላታል። ግን በተጻፈበት ቀን የሆነውም ይጨመርበት" ስላሉ ተጨምሯል።

ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት፣ ማክሰኞ ከሰዓት ነበር። እማማ ትራስ ተደግፈው ለልጅ ልጃቸው ያስጽፋሉ፤ እህታቸው ከአልጋው ግርጌ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ።

"ዋንጫው ላይ ስትደርሺ በትልቁ ጻፊ" አሉ እማማ። ከዚያ ወደ እህታቸው ዞሩ። "አንቺ ሴትዮ፣ መሞቴ ነው። አሁን እንኳ በለጥሽኝ ብትይ ምን ትሆኛለሽ?"

"አልበለጥሽኝማ።"

"ሦስት ዳኛ ፈርዷል እኮ!"

"የፈረዱት ለእኔ ሾርባ ነው። ክዳኖቹን ያቀያየርኳቸው እኔ ነኝ።"

እማማ ከትራሱ ቀና አሉ።

"መሐረቡ..." አሉ።

"ምን መሐረብ አለ! ባልሽ ከሞተ ወዲህ አንድ ቀን ጥርስሽ አልታየም። ምን ላድርግ? ድስቱ እንደሆነ አንድ ነው።"

በኮሪደሩ የምግብ ጋሪው እየተንቋቋ አለፈ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሳች። እማማ ጣሪያውን አይተው፣ አይተው፣ አሁን ይቆጣሉ ሲባል አልተቆጡም።

"መጀመሪያዋን መስመር እንዳትነኪ" አሉ ለልጅ ልጃቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እህታቸውን ጠየቁ፦ "እሺ፣ የእኔኛውስ? ድስቱን ይዘሽው ቤት ገብተሻል፤ ሳትቀምሺው አትቀሪም። እንዴት ነበር?"

እህታቸው ልጣጩን በሶፍት ጠቀለሉ፤ ብርቱካኑን ከፍለው በእጃቸው አስያዟቸው።

"እንደ ሁልጊዜው ነዋ፣ እትዬ። ጨው የለውም።"