የዘለቀ ስም በመስከረሙ ብሮሹር ላይ

ሰኞ፣ ጁላይ 8። ቢሮ፣ ምሳ ሰዓት

ገና ገጽ ሦስት ላይ ነኝ። የልጆች ሸክላ ሥራ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከስድስት ዓመት በላይ። የሞንግ ሕዝብ ጥልፍ፣ አስተማሪዋ ከላኦስ የመጡ ሴትዮ፣ መቀስ ይዛችሁ ኑ። ታንጎ ለጀማሪዎች፣ ጥንድ መሆን ግዴታ አይደለም (ታዲያ ከማን ጋር ሊደንሱ ነው?)። የአርት ሴንተሩን የመስከረም ፕሮግራም የምተይበው እኔ፣ የምታርመው ካረን፣ ያረመችውን መልሳ የምታርመው ካረን። አለቃዬ ናት፣ እወዳታለሁ፣ ግን አንድ ቃል ባለበት ትታ አታውቅም። ብሮሹሩ ዓርብ ኦገስት 2 ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። ኤርኮንዲሽነሩ ሞቷል። ደብተርዬ፣ ላቤ እየተንጠባጠበብሽ ነው፣ ቻይኝ።

ያው ቀን፣ ቤት

ዘለቀ ሊወስደኝ መጣ። (ባሌን ከዛሬ ጀምሮ ዘ. ነው የምለው፣ እጄን ደከመኝ።) ብሩክሊን ፓርክ ከሚሠራበት ዌርሃውስ ወጥቶ በየቀኑ ይወስደኛል፤ እኔ መንዳት እፈራለሁ። ከካረን ጋር ስለ ታንጎ ስንጨቃጨቅ እሱ ወደ ኋላ ክፍል ገባ። እዚያ የሽመና ዕቃ አለ፣ አንዲት የፕሊማውዝ አሮጊት ሞተው ልጆቻቸው የሰጡን። ክሩ ተበጣጥሶ፣ አቧራ ለብሶ፣ ነኪ ያጣ።

ብፈልገው እዚያ ተንበርክኮ አገኘሁት። የተበጠሰውን ክር በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ምራቅ ነካ አድርጎ፣ ጠምዘዝ። አለቀ። ቀጥሎ ሌላ። ሌላ። ክሩን አያየውም እኮ! ግድግዳ እያየ ነው። ዓሥራ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ ያ እጅ እንዲህ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ካረንም ከኋላዬ ቆማ አየች። የት እንደተማረ ጠየቀችው። ልጅ ሆኜ ጎረቤት ሲሠሩ አይቼ ነው አላት።

መኪና ውስጥ ሬዲዮ ከፈተ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 10። ጠዋት፣ አውቶቡስ

ነገረኝ። ትናንት ራት ላይ። አባቱ የጨርቅ ነጋዴ አልነበሩም። ሸማኔ ነበሩ፣ ጉለሌ። አያቱም። እሱም ከስምንት ዓመቱ እስከ ዓሥራ ሰባት፣ ከት/ቤት ሲመለስ እግሩን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ሲሸምን ነው ያደገው።

ካርቱም ነው የተጋባነው፣ አሜሪካ ሳንመጣ፣ ስደት ላይ። ሽማግሌ ሲልክ ጋሼ ዘር ጠየቀ። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ አባትም እናትም ሆኖ ያሳደገኝ። አገር ቤት ቢሆን ሰው ተልኮ እስከ ሰባት ቤት ይጣራ ነበር። ካርቱም ማንን ይጠይቅ? ዘ. የነጋዴ ልጅ ነኝ አለ፣ ታመነ፣ ተዳርኩ።

ጮህኩበት። ለምን ዋሸኸኝ ብዬ። ለአንቺ ግን እውነቱን ልናገር፦ የጮህኩት ለውሸቱ ብቻ አይደለም። "ሸማኔ" ሲል አፈርኩበት። እኔ! የሞንግ ሴቶችን ጥልፍ "ከእናት ለልጅ የሚተላለፍ ክቡር ጥበብ" ብዬ በየሦስት ወሩ የምተይበው እኔ።

ፌርማታዬ ደረሰ።

ዓርብ፣ ጁላይ 12

ኩርፊያ፣ ሦስተኛ ቀን። ሸሚዙን ግን ተኮስኩለት። ኩርፊያ ሌላ፣ ሸሚዝ ሌላ።

ሜሮን ሰማች። ዓሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እኔ በአማርኛ እጠይቃለሁ፣ ልጄ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ሙሉ ታሪኩን ነግረናት፣ ልትል የቻለችው "ሶ?" ነው፣ እና ታዲያ ምን አለበት ማለቷ። ከዚያ ዳዲ ስካርፍ ትሠራልኛለህ ወይ አለችው። ዘ. ሳቀ። ኩርፊያ ላይ መሆናችንን ረስቶ ወደኔ ዞሮ ሳቀ። እኔም ልስቅ ስል ያዝኩት።

ዛሬ ደግሞ ዘ.ን ካረን ያዘችው። መስከረም ላይ ሦስት ቅዳሜ ሰው እያየ እንዲሸምን ትፈልጋለች። እምቢ ይላል ብዬ ቆሜያለሁ። እሱ ሆዬ፣ ይሄ የፈረንጅ ዕቃ ነው፣ የኛ ሸማኔ የሚቀመጠው መሬት ላይ ነው፣ እግሩ ጉድጓድ ይፈልጋል አላት። ካረን ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ስልክ አንስታ የሕንፃውን ባለቤት ወለሉን መቆፈር ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። ደብተርዬ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን። ከበታቻችን የጥርስ ሐኪም አለ። የአንድ ሰው አፍ ተከፍቶ ሳለ የባሌ እግር ከላይ ብቅ ሲል ታየኝና እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ኩርፊያው እዚያ ላይ አለቀ።

መላውን ያገኘው ዘ. ራሱ ነው። ወለሉ ካልተቆፈረ ወለሉን ከፍ ማድረግ። በወረቀት ላይ ሣለው፦ መድረክ፣ መሐሉ ላይ ቀዳዳ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 17

ጋራዡ በጣውላ ተሞላ። ከሥራ ይመጣል፣ ቆሞ ይበላል (ሁሌም ቆሞ ነው የሚበላው፣ ተናግሬ ተናግሬ ተውኩት)፣ ከዚያ መዶሻ። ያፏጫል። ዘ. ያፏጫል! ዛሬ አጠገቡ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩና እያንዳንዱን አስረዳኝ። ርዝመቱን የሚወጠረው ድር ነው። በመሐሉ እየተወረወረ የሚመላለሰው ማግ። ማጉ መጀመሪያ ቀሰም በምትባል ትንሽ መቃ ላይ ይጠነጠናል። ዓሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በቀን ሃያ ቃል የማይናገር ሰው፣ ዛሬ ላስቆመው አልቻልኩም።

አባቱንም አነሳ። በክረምት ጉድጓዱ ውሃ እየቋጠረ ጉልበታቸውን ይጨርሳቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ውሃውን ጠራርጎ ገለባ የሚያነጥፍላቸው እሱ ነው። ሥራ ሲጀምሩ ማንም እንዲያናግራቸው አይፈልጉም ነበር አለኝ። አንተስ ከማን ወርሰኸው ኖሯል፣ አልኩት።

አማቴን አላወቅኋቸውም። ፎቶ እንኳ የላቸውም። እንዴት ያለ ሰው እንደነበሩ ዛሬ ገና ጠየቅሁ። አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 20

ከባድ ቀን። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ካረን ለብሮሹሩ ስሙንና አጭር ታሪኩን ጠየቀች። ዘ. ስም አያስፈልግም፣ "ኢትዮጵያዊ ሸማኔ" ይበቃል አለ። ብሮሹሩ የት የት እንደሚደርስ ያውቃል፦ ሐበሻ ሱቁ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይቀመጣል። ቤት ስንመጣ ነገረኝ። እኔም ከአፌ አምልጦኝ፣ ተመስገን! አልኩ። ጮክ ብዬ። ሰማ።

የያዘውን ስኒ አስቀመጠ። ካርቱም፣ ከጋሼ ጋር የምንኖርበት ግቢ፣ ጓደኛዬን አንድ የሸማኔ ልጅ ለትዳር ጠይቋት ሁላችንም ስናወራ የነበረበትን ቀን ታስታውሻለሽ ወይ አለኝ። አላስታውስም አልኩ። ዘ. በር ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ገና አልተዋወቅንም። እኔ ነኝ አሉ፣ "ለሸማኔ ልጅ ልትሰጧት ነው? ጉድጓድ ውስጥ ሊያስቀምጣት!" ያልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ከሁሉም በላይ።

"ያን ቀን ነው የወደድኩሽ" አለኝ። "እየሳቅሽ ነበር። ሽማግሌ የላክሁት በሳምንቱ ነው። የማን ልጅ ነህ ሲሉኝ ምን እንድል ነበር የፈለግሽው?"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ስጣላው እንኳ። የኔን አፍ ታውቂያለሽ፣ እኔ ብሆን በዓሥራ ስድስት ዓመት ዓሥራ ስድስት ሺህ ጊዜ አነሳዋለሁ።

ይቅር በለኝ አልኩት። አለቀስኩ። እሱ ደግሞ ስታለቅሺ አፍንጫሽ ይቀላል ብሎ ያሾፋል። ቆይቶ ግን ይሄን አለኝ፦

"የምትተይቢው አንቺ ነሽ። ካፈርሽ ተይው፣ አልቀየምሽም። ካላፈርሽ ጻፊው።"

ሐሙስ፣ ጁላይ 25። ቢሮ

ገጽ ስምንት። "ሽመና፣ ሦስት ቅዳሜ።" ከሥሩ ባዶ ቦታ ትቼ ገጽ ዘጠኝ ሄድኩ። የሕንድ ዳንስ፣ ጫማ አውልቃችሁ ግቡ።

የምፈራው ማንን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ሱቁን አይደለም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም አይደለም። ጋሼን ነው። ከብሮሹር ሳይሆን ከኔ አፍ ይስማው። እሑድ።

እሑድ፣ ጁላይ 28

ሪችፊልድ፣ ጋሼ ቤት። ኦሎምፒክ። ቤተ ክርስቲያን የሄደ የለም፣ እግዜር ይቅር ይበለን፤ የሴቶቹ ማራቶን በጠዋት ነበር። የኢትዮጵያ ልጅ ሁሉንም ቀድማ ብቻዋን ስትገባ ቤቱ ፈረሰ። ጋሼ በስልሳ ሁለት ዓመቱ ሶፋ ላይ ቆመ። ደም ነው፣ ደም ነው ይላል። ዘ. ከጎኑ ሆኖ አብሮ ያጨበጭባል። ሁለቱን ሳይ አንጀቴን በሉት።

ጋሼ ብርጭቆ ሊያጥብ ኩሽና ሲገባ ተከተልኩት። ነገርኩት። ሁሉንም፣ ጉለሌውን፣ ካርቱሙን፣ መስከረምን። አንዱን ብርጭቆ ሦስት ጊዜ አጠበው።

ሽማግሌ ፊት ተዋሸሁ አለ መጀመሪያ። ቀጥሎ፣ በዓሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቀን አስከፍቶሽ ያውቃል ወይ አለኝ። የለም አልኩ። እጁን አንስቶብሽስ? የለም። እንግዲያው ባልሽ ነው፣ ኑሪ አለ። ደስ ሊለኝ ስል፦

"አደባባይ መውጣቱ ግን ለምን አስፈለገ? እኛ ካወቅን አይበቃም? ስሙ ከተጻፈ እኔ እዚያ አልገኝም፣ የሺ። ካልተጻፈ እመጣለሁ፣ ዳር ቆሜ አየዋለሁ።"

ጨክኖ አይደለም የተናገረው። እየለመነኝ ነው። ጋሼ ለምኖኝ አያውቅም። ሲያዝዘኝ ነው የኖረው፣ እሱን እችለዋለሁ። ለሜሮን ብሎ ሐብሐብ ቆርጦ በፌስታል አስያዘኝ። ዘ.ንም በር ድረስ ሸኘው፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ዘ. መኪና ውስጥ ነግረሽዋል አይደል አለኝ። አዎ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 30

መድረኩ ከነሽመና ዕቃው አርት ሴንተር ገባ። አራት ሰው ደረጃ ለደረጃ ተሸከመው፣ ካረን "ቀስ! ቀስ!" ትላለች፣ በአማርኛ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ዘ. ጫማውን አውልቆ እግሩን ቀዳዳው ውስጥ ከተተ። ጀርባው ቀና አለ። ማጉን የያዘው መወርወሪያ ወዲህ፣ ወዲያ፣ ወዲህ። አንድ ስንዝር የምትሆን ነጭ ጨርቅ ወጣች። ነካኋት። ስስ ናት።

ካረን ምን ይጎድላል አለችው። ማግ የሚያጠነጥንልኝ ሰው ነው አላት፤ ብቻዬን ከሆንኩ በየደቂቃው ማቆም ነው። አባትህ ቤት ማን ነበር የሚያጠነጥነው? እናቴ። ከአባቴ አጠገብ ተቀምጣ። ካረን በጎ ፈቃደኛ እንፈልጋለን ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። እኔን አልጠየቀኝም። ዞሮም አላየኝም። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እንድፈራ አልፈለገም።

ሐሙስ፣ ኦገስት 1

ጋሼ ደወለ። ስለ ሙቀቱ አወራ፣ ስለ ሜሮን ት/ቤት አወራ፣ ስለ ጉልበቱ። ልንዘጋ ስንል ጻፍሽው ወይ አለ። ገና ነኝ አልኩት። ካርቱም ወባ ይዞኝ ሌሊቱን ሙሉ ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሲለዋውጥ ያደረ ሰው ነው። በእሱ ላይ "አይ" ብዬ አላውቅም፣ አንድም ቀን። የአፌን ያህል ደፋር አይደለሁም።

ዘ. ዛሬም ያፏጫል። ስለ ስሙ አንዴም አላነሳም።

ዓርብ፣ ኦገስት 2። ቢሮ፣ ጠዋት

ካረን በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ማተሚያ ቤቱ እስከ ምሳ ብሏል።

"ኢትዮጵያዊ ሸማኔ" ብዬ ተየብኩ። አየሁት። ሰውዬው እዚህ ከተማ ስም እንደሌለው፣ ሚስት እንደሌለው። አጠፋሁት።

ለጋሼ ደወልኩ። ልጽፈው ነው አልኩት። አልመጣም አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። እወድሃለሁ ጋሼ፣ አልኩት ደግሞ፤ በአማርኛ እንዲህ ተባብለን አናውቅም፣ ሁለታችንም ደነገጥን። እሺ፣ አለና ዘጋው።

በእንግሊዝኛ ነው የተየብኩት፣ ለአንቺ በአማርኛ ልገልብጠው፦

ሽመና፣ ሦስት ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ። ሸማኔ፦ ዘለቀ ወልዴ፣ ሙያውን ከአባቱ ከሸማኔ ወልዴ የተማረ። ማግ የምታጠነጥንለት፦ ባለቤቱ የሺእመቤት አሰፋ። ከአጠገቡ ተቀምጣ።

ካረን አነበበችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቃል ሳትነካ የብሮሹሩን ዲስክ ይዛ ወጣች።

ማጠንጠን አልችልም። አምስት ሳምንት አለኝ። ዛሬ ሊወስደኝ ሲመጣ ክር አምጣ እለዋለሁ።